ከግርግሙ የወጣው ገለባ

ጣጣውን ያመጣችው ራሷ ቲቸር ናት። ማንም አላስገደዳትም፣ ማንም አልመከራትም። በብርዱ ወራት መግቢያ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ከጣውላ የተሠራ ባዶ ግርግም ክፍሉ መሐል አስቀመጠች። ሃያ ሁለቱ ሕፃናት ምንጣፉ ላይ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። «ሕፃኑ ኢየሱስ የሚወለደው በዚህ ብርድ ነው፤ አልጋ ደግሞ የለውም። አልጋውን የምታነጥፉለት እናንተ ናችሁ» አለቻቸው። ከዚያ ሕጉን ተናገረች። አንድ መልካም ሥራ፣ አንድ ገለባ። መልካም የሠራ ልጅ ጥግ ካለው ጆንያ አንዲት ገለባ መዝዞ ግርግሙ ውስጥ ያስቀምጣል። እስከ ልደት ድረስ ግርግሙ ይሞላል፣ ሕፃኑም ይሞቀዋል። አለቀ።

የት አለቀ! ገና መጀመሩ ነበር።

አትፍረዱባት። ቲቸር ቲቸር ከመባሏ በፊት ስምንት ዓመት ሙሉ ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ተቀምጣ ደብዳቤ ስትመዝን የኖረች ሴት ናት። ደብዳቤው ይመዘናል፣ ቴምብሩ ይለጠፋል፣ ማኅተሙ ዱብ ይላል፣ ቀጣይ! ስምንት ዓመት እንዲህ የሠራ ሰው ጽድቅንም በቁጥር ቢያስብ ምን ይገርማል? ከሥራ መልስ እየተማረች የመዋዕለ ሕፃናት መምህርነት ወረቀቷን የያዘች ዕለት እናቷ እልል ብላ ጎረቤቱን ሁሉ ከቤቱ አስወጥታዋለች። የካቶሊኮቹ መዋዕለ ሕፃናት ሲቀበላት ደግሞ ዳይሬክተሯ ሲስተር ከላይ እስከ ታች አይተዋት፣ «ሦስት ወር እንይሽ» አሏት። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ሲስተር ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ኮቴያቸው የማይሰማ ሴት ናቸው። መምጣታቸው የሚታወቀው ከመጡ በኋላ ነው። ቢሯቸው ከቲቸር ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ የቲቸር ክፍል ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ጓንት ሲዛመድ ጩኸት ነው፤ ግራው ከቀኙ ጋር ይጣላል። ጥጥ በሙጫ ተለጥፎ የእረኞቹ በጎች ሲሠሩ፣ በጎቹ ሳይሆኑ ልጆቹ ናቸው ጠጉር የሚያበቅሉት። ከወረቀት በረዶ ሲቆረጥ ደግሞ መቀሱ ለማን ይቅደም በሚል ሰልፉ ይፈርሳል። ግድግዳው በዚያኛው በኩል ኳ ኳ ሲል ቲቸር ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርጋለች፣ ልጆቹም ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ያደርጋሉ፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ «ሽሽሽሽ!» ይላሉ። እሱ ራሱ ከመጀመሪያው ይብሳል።

ሦስቱ ወር የሚያልቀው ከልደት በፊት ባለችው ዓርብ ነበር። ቲቸር ሥራውን እንዴት እንደምትወደው ለማንም አልተናገረችም፤ ብትናገር የሚወሰድባት ይመስላታል። ጠዋት ጠዋት ልጆቹ በካፖርት ላይ ካፖርት ደርበው፣ አፍንጫቸው ቀልቶ፣ በር ላይ «ቲቸር!» ብለው ሲጣበቁባት፣ ስምንት ዓመት ከመስታወት ጀርባ መቀመጧ ይቆጫታል። ከዚህ ቤት ብትባረር ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም ነበር። ልታውቅም አትፈልግም።

ወደ ገለባው እንመለስ። የመጀመሪያው ሳምንት ሰላም ነበር። ልጆቹ የካፖርት ቁልፍ እየተቆላለፉ፣ የወደቀ እርሳስ እያነሡ፣ አንድ ሁለት እያሉ ያስገባሉ። በሁለተኛው ሳምንት ሚኒስትሩ ዘዴ አገኘ።

ሚኒስትሩ አምስት ዓመቱ ነው። ስሙን ያወጣለት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው፤ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ስለሚራመድና ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን ስለሚጠርግ። ታዲያ ይህ ሰውዬ የጓደኛውን አንድ እግር ጫማ መደርደሪያ ሥር ይደብቃል። ጓደኛው ያለቅሳል። ሚኒስትሩ ክፍሉን ሁለት ጊዜ ይዞራል፣ ያስባል፣ ይንበረከካል፣ «ቲቸር፣ አገኘሁለት!» ብሎ ይነሣል። አንድ ገለባ! ውኃ ይደፋል፣ ራሱ ይወለውላል። አንድ ገለባ! ይህን ያዩ መንታ እህትማማቾችም አልተኙም። አንዷ ትወድቃለች፣ ሌላዋ ታነሣታለች። ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ። በአንድ ረፍት ሰዓት አሥራ አራት ጊዜ ሲወድቁ ቲቸር ቆጥራለች።

መቆጣት ነበረባት። አልተቆጣችም። ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ደግሞስ ግርግሙ እየሞላ ነው፣ ምን ክፉ አለው አለች በሆዷ። እዚህ ላይ ነው የተሳሳተችው ካላችሁኝ አልከራከራችሁም።

በመጨረሻው ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት፣ ሲስተር እንደ ልማዳቸው ኮቴያቸው ሳይሰማ ገቡ። ዓይናቸው ከጣሪያው እስከ ወለሉ ወረደ፣ ልብሱ ላይ ጥጥ የበቀለበት አንድ ልጅ ላይ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ግርግሙ ላይ አረፈ።

«ዓርብ ወላጆች ይመጣሉ» አሉ። «ሕፃኑን እኔ ራሴ ነኝ የማስተኛው። ግርግሙ ሙሉ ሆኖ ይጠብቀኝ። ከዚያ ስላንቺ ጉዳይ እንነጋገራለን።»

«እሺ ሲስተር» አለች ቲቸር። ሲስተር ሲወጡ «ስላንቺ ጉዳይ» የምትለዋን ቃል ለራሷ ደገመቻት። ግርግሙን ያየችውም ያኔ ነው፤ ጎንበስ ብላ ስታይ ደነገጠች። ሰኞ አፉ ድረስ ደርሶ የነበረው ገለባ ወርዷል። እንዲያውም በጣም ወርዷል። አይጥ ይሆን? ነፋስ? ምንጣፉን ገለበጠች፣ ጥግ ጥጉን ጠረገች፣ ምንም የለም።

ሐሙስ በረፍት ሰዓት እጅ ከፍንጅ ያዘቻት። ልጆቹ ግቢው ውስጥ ይሯሯጡ ነበር፤ ቲቸር የተረሳ ጓንት ልታመጣ ስትመለስ ድምቢጥ ግርግሙ አጠገብ ተንበርክካ አገኘቻት። ድምቢጥ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ናት፣ ከክፍሉ ሁሉ ትንሿ፤ የሹራቧ እጅጌ ሁልጊዜ ከእጇ አልፎ ይንጠለጠላል። በጥንቃቄ ሁለት ገለባ መዘዘች፣ ወደ ጆንያው ሄደች፣ መለሰችው።

«የኔ እናት፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

ድምቢጥ ምንም አልደነገጠችም። «እያወጣሁ ነው።»

«ለምን ታወጫለሽ?»

«ትናንት ወንድሜን ነከስኩት» አለችና ከእጅጌዋ ውስጥ አንድ ጣት አወጣች። «ደግሞ ጥርሴን ሳልቦርሽ ቦርሻለሁ አልኩ።» ሁለተኛ ጣት ወጣ። «መልካም ስንሠራ እናስገባለን አይደል ቲቸር? መጥፎ ስንሠራ ታዲያ ማን ያወጣል?»

በስምንት ዓመት የፖስታ ቤት ሥራ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የቲቸር መስኮት ላይ ቀርቦ አያውቅም።

«እስካሁን ስንት አወጣሽ?»

«የኔ አልቋል» አለች ድምቢጥ። «አሁን የሚኒስትሩን ነው የማወጣው። እሱ ብዙ አለው፣ አይጎዳውም።»

ቲቸር ሳቋ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ሳትስቅ በፊት ግን ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። «ቲቸር፣ እኔ ጥሩ እስክሆን ልደቱ ትንሽ ቢቆይ አይሆንም?»

ሳቁ እዚያው ቀረ። የልጅቷ ነገር አንጀቷን በላው። ተንበርክካ ልታቅፋት፣ አንድ ነገር ልትላት ፈለገች፤ ምን እንደምትላት ግን አላወቀችም። ሕጉን ያወጣችው እሷ፣ ድምቢጥ ደግሞ ሕጉን ከሁሉም አብልጣ የጠበቀች! ደወሉ ተደወለ፣ ልጆቹ እየተጋፉ ገቡ፣ ቲቸርም «ነገ እናወራለን፣ እሺ?» ብላ አመለጠች። አዎ፣ አመለጠች ነው የሚባለው።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሲሄዱ ቲቸር ከግርግሙ ጋር ብቻዋን ቀረች። ገለባው ከወገቡ በታች ነው። ነገ ወላጆች አሉ፣ ነገ ሲስተር አሉ፣ ነገ «ስላንቺ ጉዳይ» አለ። ግራ ቀኝ አየች። ከዚያ ጆንያውን አንሥታ፣ ባዶ እስኪሆን ድረስ ግርግሙ ውስጥ አራገፈችው፣ ገለባውን ደልደል አደረገች፣ እጇን አራግፋ ካፖርቷን ለበሰች። ለራሷ እንኳ ምን እንዳደረገች ሳትነግር ወደ ቤቷ ሄደች።

ዓርብ ጠዋት ክፍሉ ጢም አለ። ወላጆቹ የልጆቹ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸው ጆሯቸው ሊደርስ ምንም አልቀረውም። የድምቢጥ አባት ከምድጃው ቀጥታ መጥቶ ኖሮ ቅንድቡ ላይ ዱቄት አለ። የሚኒስትሩ አያት፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር፣ መቀመጥ እምቢ ብለው እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ግድግዳውን ተደግፈዋል፤ ልጁ ከማን እንደወሰደው ያኔ ለሁሉም ግልጽ ሆነ። ልጆቹ ዘመሩ፣ የጥጥ በጎቻቸውን አሳዩ፣ አንዱ በግ ጭንቅላቱ ሲወድቅ ሁሉም ሳቀ። ቲቸር እጇን በቀሚሷ ትጠርጋለች፤ በዚያ ብርድ ላብ በላብ ሆናለች።

ሲስተር የሕፃኑን ምስል በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘው ገቡ። ግርግሙ ጋ ደርሰው ቆሙ። «ሞልቷል» አሉ። በሦስት ወር ውስጥ ከአፋቸው የወጣ ምስጋና የሚመስል ነገር ይሄ ብቻ ነው፤ ቲቸር ትንፋሽዋን ለቀቀች።

ድምቢጥ ብድግ አለች።

«ትናንት እኮ እስከዚህ ነበር» አለች፣ በተንጠለጠለው እጅጌዋ እያሳየች። «ማን ጨመረበት?»

ሚኒስትሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መልአክ ነው» አለ።

ኧረ ጉድ! ክፍሉ በአንዴ ሞቀ። እናቶች «ወይኔ የኔ ጌታ!» አሉ፣ አያቱ አጨበጨቡ፣ ልጆቹ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። የሲስተር ከንፈር እንኳ ጫፉ ላይ ትንሽ ተነቃነቀ። ቲቸር ምንም መዋሸት አላስፈለጋትም። ዝም ማለት ብቻ በቂዋ ነበር፤ መልአኩ ተሸክሞ ያወጣት ነበር።

ድምቢጥ ግን አንገቷን ደፋች። «መልአክ ለእኔ አይጨምርም» አለች ቀስ ብላ፣ ለጫማዋ የምትናገር ይመስል። «እኔ ነክሻለሁ።»

ቲቸር ይህን ሰማች፣ ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻለችም። አለመቻሏ ራሷን አናደዳት፤ ሥራዋ ሲሄድ እያየችው ነበር።

«መልአክ አይደለም» አለች። «እኔ ነኝ። ግርግሙ ጎድሎ ነበር፣ ወላጆቻችሁና ሲስተር ሙሉ ሆኖ እንዲያዩት ብዬ ትናንት ከጆንያው ገልብጬበታለሁ። ማንም መልካም ሳይሠራ።» ተንበርክካ በሁለት እጇ አንድ እቅፍ ገለባ አውጥታ መሬት ላይ አስቀመጠች። የሲስተር ከንፈር ወደ ቦታው ተመለሰ።

«ያወጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ» አለች ድምቢጥ ለሁሉም እንዲሰማ፤ ብቻዋን አለመሆኗ ደስ ያላት ትመስላለች።

ከዚያ የሆነውን ማንም አላዘጋጀውም። ሚኒስትሩ ተነሣ። ጉሮሮውን ሊጠርግ ሞከረ፣ ግን እንባው ቀደመው። «ጫማውን የደበቅኩት እኔ ነኝ! ውኃውንም እኔ ነኝ የደፋሁት! ሁሌም እኔ ነኝ!» ብሎ ግርግሙ ላይ ወድቆ በእፍኝ በእፍኝ ማውጣት ያዘ። መንታዎቹ ተከተሉ፤ «እኛ ዝም ብለን ነው የምንወድቀው!» ከኋላቸው ሌላው፣ ሌላዋ። የእህቱን አሻንጉሊት የሰወረ፣ አሞኛል ብላ የቀረች፣ ሾርባውን አበባ ማስቀመጫ ውስጥ የደፋ። እናቶች ከወንበራቸው እየተነሡ «አንተ!» «አንቺ!» ይላሉ፤ ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ያፍራል፣ ገለባ በየቦታው ይበናል። ጩኸቱ ሰፈር ሙሉ ሳይሰማ አይቀርም።

ሲያልቅ ግርግሙ ባዶ ጣውላ ነበር። ሲስተር ሕፃኑን ታቅፈው ቆመዋል፣ የሚያስተኙበት የላቸውም። ድምቢጥ ጣውላውን አየች፣ ሕፃኑን አየች፣ ፊቷ ተሸበሸበ።

«በእኔ ምክንያት ሊበርደው ነው» አለችና አለቀሰች።

አባቷ ሊነሣ ሲል ቲቸር ቀደመችው። ሥራዋ እንደሆነ ሄዷል፤ አሁን የቀራት ይህቺ ልጅ ብቻ ናት። መሬት ላይ ተቀምጣ ታቀፈቻት።

«ስሚኝ የኔ ቆንጆ። ሁላችሁም ስሙኝ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ድሮ ደብዳቤ ስመዝን ነበር የምኖረው፤ እናንተንም እንደ ደብዳቤ መዘንኳችሁ። ይሄ ሕፃን ሲወለድ አልጋው ሞልቶ አልነበረም። ማንም ምንም አላነጠፈለትም ነበር፣ ግን መጣ። ድምቢጥ፣ ትናንት ጠይቀሽኝ አልመለስኩልሽም። ጥሩ እስክንሆን አይቆይም። ለነካሾችም ነው የመጣው። ለእኔም ነው።»

ድምቢጥ በእጅጌዋ አፍንጫዋን ጠረገች። «እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ። አሁን ልጠይቃችሁ። እውነቱን መናገር ከበዳችሁ?»

«በጣም!» አለ ሚኒስትሩ፣ ገና እየተንሰቀሰቀ።

«እኔንም። ጫማ ከማግኘት ይከብዳል?»

«መቶ እጥፍ!»

«እንግዲያው ከሠራችሁት ሁሉ ትልቁ መልካም ሥራ ይሄ ነው» አለች ቲቸር። «እየቆጠርን አናስገባም። ዝም ብለን እናንጥፍለት።»

ሃያ ሁለቱ ልጆች መሬት ላይ ያለውን ገለባ አፈሱ። ከሰው ፀጉር ላይ፣ ከአያቱ ካልሲ ውስጥ፣ ከጥጥ በጎቹ ሥር እየለቀሙ መለሱት። ድምቢጥ የመጨረሻዋን አንዲት ገለባ አስቀመጠች። ሁሉም ወደ ሲስተር ዞረ።

ሲስተር አልተነቃነቁም። ሕፃኑን እንደታቀፉ ልጆቹን ተራ በተራ አዩ፣ ቲቸርንም አዩ።

«እኔስ?» አሉ። «ለእኔ የሚሆን ገለባ አለ?»

ሚኒስትሩ እጁን ወደኋላ አጣመረ። «መጀመሪያ ምን እንዳጠፉ ይናገሩ።»

አያቱ ትን አላቸው። ሲስተር ግን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ፍርዱ ትክክል ነው ማለታቸው ነው።

«እኔ በግድግዳው በኩል ጩኸት ብቻ እየሰማሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብዬ ሳላይ፣ ሰው ላይ ፈረድኩ።»

«ማን ላይ?» አለች ድምቢጥ።

«ቲቸራችሁ ላይ።»

ልጆቹ ቲቸርን አዩ፣ ሲስተርን አዩ። የብዙዎቹ ፊት ተኮሳተረ። ሚኒስትሩ ጆንያውን ፈትሾ ተመለሰ። «ከባድ ነው» አለ፤ «ደግሞ ገለባ አልቋል።»

ሲስተር እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና የታጠፈ ፖስታ አወጡ። በላዩ የቲቸር ስም ተጽፏል። ቲቸር ስሙን ከሩቅ አነበበችው፤ ጽሑፍ ከሩቅ ማንበብ የቆየ ሙያዋ ነው።

«ዛሬ ከሰዓት ልሰጣት ይዤው ነው የመጣሁት» አሉ ሲስተር፣ ለልጆቹ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ቀጥ ያለ አልነበረም። «ይሄ ለአልጋ ይሆናል?»

ድምቢጥ ተቀበለቻቸው። ደባበሰችው፣ ጉንጯ ላይ አድርጋ ሞከረችው። «እንዲህ እንዳለ ይቆረቁረዋል» አለች። «መቀደድ አለበት።»

«ቅደዱታ!» አሉ ሲስተር።

እሰይ! ሃያ ሁለት ሕፃናት ወረቀት ቅደዱ ሲባሉ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ፖስታው፣ ደብዳቤው፣ ማኅተሙ፣ ሁሉም ብጥስጥስ ብሎ ገለባው ላይ ተነጠፈ። ጩኸቱ መስኮቱን አንቀጠቀጠው፤ ሲስተር ራሳቸው መሐላቸው ቆመዋል፣ ግድግዳውን ኳ ኳ የሚያደርግ ማንም አልነበረም። ከዚያ ጎንበስ ብለው ሕፃኑን አስተኙት።

አንድ ቁራጭ ቲቸር እግር ሥር ወደቀ። አንሥታ አየችው፤ «ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብተሻል» የሚለው ሙሉውን ተርፏል። እጇ ላይ ይዛው ቀረች፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር። ድምቢጥ መጣችና ከጣቶቿ መሐል ቀስ ብላ መዘዘችው።

«ቲቸር፣ ይሄ ያንቺ አይደለም፣ የሱ ነው» አለችና ወስዳ ከሕፃኑ ራስ ሥር አነጠፈችው።